ውሻ የላሰው ዘይት

መቶ አለቃ ወልደኢየሱስ ከሊማሊሞ ገደል ሥር ሲደርስ መጀመሪያ ያየው ሬሳ ሳይሆን ውሻ ነው። ሬሳዎቹን የአገሩ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ደባርቅ አውጥቷቸዋል። እዚያ የቀረው ያ ትልቁ የጭነት መኪና፣ ትሬንታ ኳትሮው ብቻ ነበር፤ ጎማዎቹን ወደ ሰማይ ሰቅሎ በጀርባው ተዘርሯል። ከሆዱ ሥር ቋጥኙ ላይ አመዳም ነገር ፈስሶ ረግቷል። ሦስት የባላገር ውሾች አፋቸውን ደፍተው ይልሱታል፤ አንዱ ሲጠጋ ሌላው ያጉረመርምበታል።

«ደም ነው?» አለ ወልደኢየሱስ፣ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ።

«ኧረ ጌታዬ፣ ደሙስ ወዲያ ነው» አለው መንገድ የመራው የደባርቅ ፖሊስ። «ይኸ የማኪናው ዘይት ነው።»

«ውሻ የማኪና ዘይት ሲልስ አይተህ ታውቃለህ?»

ፖሊሱ ራሱን አከከ። «እንጃ ጌታዬ፤ ርቧቸው ይሆናል።»

ቢርባቸውስ! ወልደኢየሱስ ፖሊስ ሲሆን መጀመሪያ የተመደበው ትራንስፖርት ክፍል ነበር። በመኪና ሆድ ሥር ተንጋሎ ኖሯል። ከዚያ ወደ ወንጀል ምርመራ አዛውሩኝ ብሎ ያመለከተው ሹመት አምሮት አይደለም፤ የቅባቱ ሽታ ከልብሱ አልወጣ፣ ከእንጀራው አልለይ ብሎት ነው። ጎንደር ከደብተራ ቤት የተወለደ፣ ንጹሕ ነገር የሚወድ ሰው ነው፤ አፍንጫውም ሲፈጥረው ለሥቃይ ነው የፈጠረው። ቢሆንም የጠላውን ሙያ አልረሳውም። የሞተር ዘይት ውሻ አይቀምሰውም።

ውሾቹን በድንጋይ አባሮ ጎንበስ አለና አሸተተ።

ሞራ ነው። የከረመ፣ የሻገተ፣ ከዚያ ደግሞ የተቃጠለ የሰንጋ ሞራ። ጊዜው የሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ዓመተ ምሕረት ሁዳዴ ነውና ሆዱ ባዶ ነበር። ወደ ቋጥኙ ጥግ ሄዶ መራራ ውሃ አስመለሰ። ፖሊሱ አይቶ እንዳላየ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረለት።

አፉን ጠርጎ ተመለሰ። ሹፌሮች ካምቢዮ የሚሉት የማርሽ ሳጥን ከድንጋይ ተጋጭቶ ተሰንጥቋል። የውስጡ ጥርሶች በነጣ ዝቃጭ ተለውሰዋል፤ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ሲነካው ሰጋቱራና የከብት ፀጉር አብሮ ወጣ። ፀጉር! በሳጥኑ ጎን ፋብሪካው የለጠፈው የናስ ሰሌዳ ነበር፤ በጨርቁ ጫፍ አሽቶ አነበበው። ለዚህ ካምቢዮ የሚገባው ዘይት ዘጠና ቁጥር ነው ይላል፤ ሌላ አይልም። ያ ወፍራም ዘይት በደባርቅ ውርጭ አይረጋም፣ በቁልቁለት ግለትም እንደ ውሃ አይቀጥንም። ፋብሪካው ቁጥሩን የጻፈው ለጌጥ አይደለም። ሞራ ግን ሲበርደው ይረጋና ጥርሱን በደረቁ ይተወዋል፤ ሲሞቅ ደግሞ ቀልጦ ባገኘው ቀዳዳ ይወጣል። አንድ መልካም ነገር ብቻ አለው፤ ያረጀ ካምቢዮ እንዳይጮህ አፉን ይይዘዋል።

ከዝቃጩ በባዶ ጣሳ ቀድቶ ከደነው። እጁን በአፈር ፈትጎ ታጠበ፣ እንደገና ፈትጎ ታጠበ። ሽታው አልለቀቀውም።

*

ደባርቅ ከፖሊስ ጣቢያው ፊት ለፊት አንድ ሽማግሌ ምንሽር ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አያ አለነ ይባላል። ከሞቱት ተሳፋሪዎች አንዷ፣ አባይነሽ፣ ልጁ ነበረች፤ እኅቷ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ ወደ አዲ አርቃይ እየወረደች ነበር።

«እንደምን ዋሉ አያ አለነ። ምነው ብርድ ላይ?»

«ሹፌሩን ስትለቁት ልቀበለው ነው፣ ጌታዬ።» ድምፁ ለገበያ እንደሚሄድ ሰው ረጋ ያለ ነው። «ሰክሮ ነው የፈጃቸው ብለውኛል። ብታስሩትም እጠብቃለሁ። እሱ እስር ቤት ቢሞትብኝ ወንድም አለው።»

«ጥፋቱ የሌላ ሰው ቢሆንስ?»

ሽማግሌው ቀና ብሎ አየው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ዕንባ ግን የለበትም።

«እንግዲያው ሰውየውን አሳየኝ። የልጄን ደም ከማይገባው ሰው ላይ ልመልስ አልሻም። ግና ቶሎ በል። ወንድሞቿ እንደኔ ትዕግሥት የላቸውም።»

ወልደኢየሱስ ወደ ውስጥ ገባ። ሹፌሩ በላቸው የተሰበረ ክንዱ በእንጨት ታስሮ ጥግ ላይ ተኮራምቷል። ሚስቱ ታየች ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ሽማግሌውን በመስኮት እያየች ነጠላዋን ትነክሳለች።

«ምን ሆነ? ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

«ከአናቱ ላይ ቁልቁለቱን ከመያዜ በፊት ወደ አንደኛ ልመልስ ብዬ ማርሹን አወጣሁት። አልገባም አለኝ። ሁለተኛም እምቢ አለ። ፍሬኑን ረገጥሁ፤ ጨሰ፣ ነደደ፣ ከዚያ እግሬ ባዶ ረገጠ። ከተራራው ላላትመው ብዬ መሪውን ጠመዘዝሁ፤ ኋላው ወደ ገደሉ ሄደ። እኔን ጋቢናው ተፋኝ። ምነው አብሬ በሄድሁ!»

«ካምቢዮው ድሮስ ጤነኛ ነበር?»

«ድሮማ ይጮህ ነበር። ለጌታው፣ ለአቶ ሐብተ ማርያም ነገርሁ፤ አዘዞ ኃይለ ጊዮርጊስ ጋራዥ አስገቡት። ሲወጣ ዝም አለ። ጭጭ! ዝም ሲል ደስ ብሎኝ ነበር፣ ጌታዬ።»

«ረዳትህስ? ዳኛው የት አለ?»

በላቸው ፊቱን አዞረ። «ጠዋት ተጣልተን ወረደ። ማኪናው ጤና የለውም፣ እንመለስ ብሎ ጨቀጨቀኝ። ምኑ ነው ስለው አይናገርም። ፈሪ ብዬ ሰደብሁት። እሱም ገደል ግባ ብሎኝ ሄደ።»

አጠገባቸው የቆመው አሥር አለቃ ጉሮሮውን ጠራረገ። ገደል ግባ ብሎ ወርዶ መኪናው ገደል ከገባ ለእሱ ምርመራው አልቋል።

*

ለወልደኢየሱስ ግን አላለቀም። በላቸው ያደረው ወለላ ከምትባል ጠጅ ሻጭ ግቢ ነው፤ የስካሩም ወሬ የወጣው ከዚያው ነው።

«ጠጥቷል ወይ?» አላት።

«እንዴታ! ጠጥቷል እንጂ» አለች ወለላ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ማታ ነዋ፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ። ደግሞም አንድ ብርሌ! ጠዋት ባዶ ሆዱን ነው የወጣው። በሁዳዴ ጠዋት ጠጅ የምቀዳ ነኝ? ማነው ስሜን እንዲህ ያጎደፈው?»

«ጠቡስ?»

«ጠቡን ያመጣው ውሻ ነው። የመንደሩ ውሻ ሁሉ ማኪናዋን ከቦ አደረ፤ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ዳኛው ደሞ ማታ ከሥሯ ገብቶ ሲሠራ ቆየና፣ ወጥቶ እህል ሲቀምስ እንደ እብድ ሆነ። ውሃ ስጪኝ አለ። አፉን ይጉመጠመጣል፣ ይተፋል፤ ይጉመጠመጣል፣ ይተፋል። ምነው ቢሉት አይናገር። ጠዋት ፊቱ ከሰል መስሎ ተነሣ፤ ከዚያ ነው የተጣሉት።»

ስለዚህ በላቸው ሰካራም አልነበረም። ዳኛው ግን ማታ ከመኪናው ሥር ገብቷል፣ ጠዋት አልሳፈርም ብሏል፣ ከዚያም ጠፍቷል። ወልደኢየሱስ ዳኛው ተፈልጎ እንዲያዝ ለየጣቢያው አስነገረና ወደ ጎንደር ወረደ። ጣሳውን ከጂፑ ኋላ አስቀምጦታል፤ ጨርቅ ቢጠቀልልበትም፣ ሌላ ጨርቅ ቢደርብበትም እስከ ጎንደር ድረስ ሸተተው።

*

የኃይለ ጊዮርጊስ ጋራዥ አዘዞ መንገድ ዳር ነው። ወልደኢየሱስ ሲገባ ሠራተኞቹ እህል ሊቀምሱ ተሰብስበው ነበር። እጃቸውን በዘይት በጠቆረ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርገው በዚያው ዳቦ ይቆርሳሉ። በየቁራሹ ላይ የጣታቸው አሻራ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ወልደኢየሱስ ዓይኑን ወደ ደጁ መለሰ።

ባለቤቱ ግን ሌላ ሰው ነበር። ከአንድ የቆመ መኪና ሥር ወጣ፤ ጎልማሳነቱን የጨረሰ፣ ማተቡ የወፈረ፣ ሰላምታው ረጅም ሰው። «አንድ ጊዜ፣ መቶ አለቃ» ብሎ ወደ ውሃው ሄደ። በመጀመሪያ እጁን በአመድ ፈተገ። ከዚያ በሳሙና። ከዚያ በሎሚ። እስከ ክርኑ ታጠበ፤ የጥፍሩን ውስጥ በስንጥር አወጣ፤ አሸተተና እንደገና ታጠበ። ወልደኢየሱስ ቆሞ ሲያየው ልቡ ረጋ። ተመስገን፣ አንድ ንጹሕ ሰው አገኘሁ አለ በሆዱ።

«ሰምቻለሁ፤ አራት ነፍስ!» አለ ኃይለ ጊዮርጊስ ተቀምጦ። «ለሁሉም ጸሎተ ፍትሐት አስደርጌያለሁ። ካምቢዮውን እኔው ነኝ የሠራሁት። የተበላውን ጥርስ ቀይሬ፣ አቶ ሐብተ ማርያም ከአስመራ ያስመጡትን ዘጠና ዘይት ሞልቼ አስረከብኋቸው። ከዚያ በኋላ ማን እንደነካው እግዜር ይወቅ።»

«ሊነካው የሚችል ማነው?»

ኃይለ ጊዮርጊስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በሰው ስም መግባት ይከብደኛል። ብቻ አቶ ሐብተ ማርያም መኪናውን ለአንድ የእንፍራንዝ ነጋዴ ሊሸጡት ተስማምተው ነበር። ለሽያጭ የቀረበ መኪና ካምቢዮው ባይጮህ ደስ ይላል። ጥሩው ዘይትስ ለምን አብሮ ይሸጥ? እሳቸው ደግሞ ቆዳ ነጋዴ ናቸው፤ ከቆዳ የሚፋቅ ነገር ከቤታቸው አይታጣም። ይቅር ይበለኝ።» አማተበ።

«ይኸ መኪናስ?» አለ ወልደኢየሱስ ወደቆመው እያመለከተ።

«ወደ ዋልድባ ገዳም ለሚሳለሙ ምስኪኖች ነው። ነገ ማለዳ ይወርዳል። እኔ በነጻ ነው የማዘጋጅላቸው፤ ለነፍሴ።»

ወልደኢየሱስ አመስግኖት ወጣ።

*

የሐብተ ማርያም የቆዳ መጋዘን ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ነው፤ ለመጠየቅ አያስቸግርም፣ ሽታው ይመራል። ጨው የተነሰነሰበት እርጥብ ቆዳ እስከ ጣሪያው ተከምሯል። ከሥሩ ቢጫ ውሃ ይንቆረቆራል፤ ጥግ ላይ ከቆዳው የተፋቀ ስብና ሥጋ ዝንብ ለብሶ ተቆልሏል። ከዚህ ሁሉ መሃል ሐብተ ማርያም ተቀምጦ ቋንጣ ያኝካል። በሁዳዴ!

«ሐኪም ፈቅዶልኝ ነው» አለ፣ ወልደኢየሱስ አፉን ሲያይበት። የቋንጣውን ስብ በኮቱ ጠረገ። «ምን ፈለግህ? ሹፌሩ ሰክሮ መኪናዬን ገደል ከተተ። ስቀሉት!»

«አራት ሰው ሞቷል፣ አቶ ሐብተ ማርያም።»

«እኔ ገደልኋቸው?»

ወልደኢየሱስ ጣሳውን ከፍቶ ፊቱ ላይ አስቀመጠለት። ሐብተ ማርያም አሸተተና ትከሻውን ነቀነቀ። «ሞራ ነው። እና?»

«ከካምቢዮዎ የወጣ ነው።»

«ዋሽተሃል! እኔ ዘይቱንም ጥርሱንም ከአስመራ አስመጥቼ ለኃይለ ጊዮርጊስ በእጁ ሰጥቼዋለሁ።»

«ሲገጠም አይተዋል?»

«አላየሁም። ለምን አያለሁ? ካምቢዮው ዝም አለ፤ ገዢው ወደደው፤ አለቀ።» ሌላ ቋንጣ አነሣ። «ሞራ ከፈለግህ ያውልህ ጥግ ላይ ቁልሉ። ውሰደው። ላስጠቅልልህ?»

ሰውየው ሲስቅ በጥርሱ መሃል የተሰካውን ሥጋ ወልደኢየሱስ አየው። ከዚያ መጋዘን የወጣው በሩጫ ነው። ይኸ ነው፣ አለ። ይኸ ጾም የማያውቅ፣ ለሰው ሞት ቅንድቡን የማያነሣ፣ በስብ የተለወሰ አውሬ ነው ያደረገው። ወንጀለኛው እሱ ቢሆን ደስ ይለው ነበር፤ ለራሱ አልደበቀውም። የማሰሪያውን ፈቃድ ሊጠይቅ ወደ ቢሮው እየሄደ ሳለ ነው ዳኛው ተገኘ የሚል መልእክት የደረሰው።

*

ዳኛውን ያገኙት ሲሸሽ አልነበረም፤ ሲሰግድ ነው። አዘዞ ተክለ ሃይማኖት ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ከንስሐ አባቱ ከአባ ወልደ ገብርኤል ፊት ይወድቃል ይነሣል፤ ግንባሩ ተልጦ አፈር ጠጥቷል። ወልደኢየሱስ ሲጠጋው ሊሮጥ እንኳ አልሞከረም።

«ውሰዱኝ» አለ። «እኔ ነኝ የፈጀኋቸው።»

«ምን አድርገህ?»

«ዝም ብዬ።» ዳኛው መሬቱን እያየ ተናገረ። «ማታ ደባርቅ ስንደርስ ከካምቢዮው ሥር ይንጠባጠባል። ብሎኑን ላጠብቅ ገባሁ። እጄን እንደ ወትሮዬ በጨርቅ ጠርጌ ዳቦዬን ገመጥሁ። ዘይት ዘይት ነው፣ የለመድሁት ነው፤ ጾም አይፈታም። ይኸ ግን ሞራ ነው! አፌ ውስጥ ቀለጠ። በሁዳዴ ሞራ በላሁ፣ ጌታዬ።»

«ለበላቸው ለምን አልነገርኸውም?»

«አፈርሁ። ጾሜን ገደፍሁ ብዬ እንዴት ልናገር? ማኪናው ጤና የለውም ብቻ አልሁት። ሰደበኝ፤ እኔም ክፉ ቃል ተናግሬ ወረድሁ። ወደ ንስሐ አባቴ ቀኖና ልቀበል መጣሁ። ስለ ጉርሻዬ ሳለቅስ እነሱ ገደል ገቡ።»

አባ ወልደ ገብርኤል ከራሱ ላይ መስቀላቸውን አሳረፉ። ወልደኢየሱስ ከዋርካው ሥር ተቀመጠ። ሰውየው ለአንዲት ጉርሻ ግንባሩ እስኪላጥ ይሰግዳል። ሐብተ ማርያም በሞራ የተለወሰ እጁን በኮቱ ይጠርጋል። ጾም የማይጾም ሰው ሞራ ቢነካው ምን ገዶት! በዚህ ጾም ሞራ ነክቶ የሚጨነቅ፣ ከእጁ ላይ ጠረኑ እስኪጠፋ የሚፈትግ ሰው…

አመዱ፣ ሳሙናው፣ ሎሚው፣ ስንጥሩ በዓይኑ ላይ መጡ። ንጹሕ ሰው አገኘሁ ብሎ ነበር! ሞራ መገኘቱን ሳይነግረው ከቆዳ የሚፋቅ ነገር ያለውም እሱ ነው። ያ ሰው ያን ጊዜ የወጣው ከየትኛው መኪና ሥር እንደሆነ ሲያስታውስ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«አባ» አለ፣ «ዛሬ የዋልድባ ተሳላሚዎች የት ነው የሚሰበሰቡ?»

«ኃይለ ጊዮርጊስ ዘንድ ነዋ ልጄ። አመሻሽ ላይ እህል ያቀምሳቸዋል። ደግ ሰው ነው።»

*

ጋራዡ ግቢ ውስጥ መነኮሳዪያትና ሽማግሌዎች ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። ኃይለ ጊዮርጊስ እጁን ታጥቦ በመሃላቸው ዳቦ ይቆርሳል። ወልደኢየሱስ ከፖሊስ ጋራዥ ያመጣውን ያልተከፈተ የዘጠና ዘይት ቆርቆሮ መኪናው አጠገብ አስቀመጠ። ፈገግ ብሎ ነበር የገባው።

«የመጣሁት አቶ ሐብተ ማርያም ስለ ሰጡዎት ዘይት ትንሽ ልማር ብዬ ነው። ይኸ እውነተኛው ዘጠና ነው?»

ኃይለ ጊዮርጊስ ቆርቆሮው ተከፍቶ ሲያየው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «አዎን፣ እሱ ነው።»

ወልደኢየሱስ ጣቶቹን ዘይቱ ውስጥ ነከረ። በጋራዡ ጥቁር ጨርቅ ጠረግ አደረገ፣ ከዳቦው ቆረሰ፣ ጠቅልሎ ወደ ኃይለ ጊዮርጊስ አፍ ዘረጋ። «እንግዲህ በሞቴ!»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ኃይለ ጊዮርጊስም ሳቀና ጎረሰ። «ምነው መቶ አለቃ፣ ዛሬስ የእኛን ሙያ ሊለምዱ ነው? ይኸማ እንጀራችን ነው፤ ከዚህ ዘይት ያልጎረስንበት ቀን የለም።»

«ይኸን መኪናስ የሞሉት በዚሁ ዘይት ነው?»

«በዚሁ ነው። እኔው በእጄ።»

ወልደኢየሱስ ቁልፍ አነሣና ከመኪናው ሥር ገባ። የካምቢዮውን መሙያ ብሎን ፈታ፤ ጣቶቹን አስገባ። ሲወጣ እጁ አመዳም ነበር። በዚያው ጨርቅ ጠረግ አደረገ፣ ከዚያው ዳቦ ቆረሰ፣ ጠቅልሎ ዘረጋ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል ይላሉ። ሁለተኛውን እንኩ።»

ኃይለ ጊዮርጊስ ሳቁን አቆመ። «በቅቶኛል።»

«በሞቴ አልሁ!»

«ጠግቤያለሁ።»

«አሁን የጎረሱት ዘይት ነው፤ ይኸም ያው ዘይት ነው ብለዋል። ጉርሻዬን በሰው ፊት ሊመልሱብኝ ነው?» ወልደኢየሱስ አንድ እርምጃ ጠጋ አለ። ተሳላሚዎቹ ማላመጣቸውን ተዉ። «ይጉረሱ!»

ጉርሻው ከንፈሩ ጋ ሲደርስ ኃይለ ጊዮርጊስ የወልደኢየሱስን እጅ በጥፊ መታው። ዳቦው መሬት ወደቀ።

«ጾሜን ልታስገድፈኝ ነው?» ብሎ ጮኸ።

ከግድግዳው ሥር ተኝታ የነበረች ውሻ ተነሥታ መጣችና ዳቦውን አሽትታ ዋጠችው።

«ዘጠና ዘይት ከመቼ ወዲህ ነው ጾም የሚያስገድፍ?» አለ ወልደኢየሱስ።

ከሠራተኞቹ አንዱ እጁን አፉ ላይ ጫነ። «ለካ ለዚህ ነው!» አለ። «በቅበላ ቅርጫ ሰንጋውን ስንካፈል፣ ጌታዬ የሥጋ ድርሻቸውን ለእኛ ሰጥተው ሞራውን ሁሉ ለእኔ አሉ። ጥድቅ መስሎን እጃቸውን ስመናል!»

ኃይለ ጊዮርጊስ የተቀመጠበት ሰሌን ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። አሁን የሚክድበት ቦታ አልነበረውም፤ ደግሞ የሚገርመው፣ ያፈረ አይመስልም ነበር። አዲሱን ጥርስና የአስመራውን ዘይት ለሌላ ደንበኛ እንደሸጠ፣ ያረጀውን ጥርስ በሞራና በሰጋቱራ ዝም እንዳሰኘው፣ ይኸኛውንም መኪና እንደዚያው እንዳደረገ እንደ ተራ ሥራ ተረከ።

«ከአራቱ ሰዎች ሞት በኋላም?» አለ ወልደኢየሱስ። «ለእነዚህ መነኮሳዪያት?»

«ሹፌሩ ነው ያላወቀበት መስሎኝ ነበር።» ከዚያ ቀና አለ፤ በዓይኑ ውስጥ አንድ ዓይነት ኩራት ነበር። «ግን እግዜር ምስክሬ ነው፣ አንዲት ጠብታ ከአፌ አልገባችም። ጾሜን አልገደፍሁም።»

አንዲት አሮጊት መነኩሲት በእጇ የያዘችውን የእሱን ዳቦ አየችው፤ ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። አንድ በአንድ ሁሉም አስቀመጡ። ወልደኢየሱስ ካቴናውን ሲያጠልቅለት የዚያን እጅ ንጽሕና ነካው፤ የሎሚ ሽታ ነበረው። በገደሉ ሥር ካሸተተው ሁሉ ይልቅ ያ የሎሚ ሽታ አስጠላው።

*

አያ አለነ ጎንደር እስር ቤት የደረሰው ወልደኢየሱስ ራሱ ጂፕ ልኮለት ነው። ሰውየውን አሳየኝ ብሎት ነበርና። ምንሽሩን ለዘበኛው ሰጥቶ ገባ፤ በቀሚሱ ሥር ሽጉጥ እንዳለ ወልደኢየሱስ ጠርጥሯል፣ ቢሆንም አላስፈተሸውም። ከደባርቅ የመጣው በላቸው ያን ዕለት ተፈትቶ ታየች ደግፋው ደጁ ላይ ቆመዋል፤ ወደ ቤታቸው መሄዳቸውም ወንድሙን መቅበራቸውም በዚህ ሽማግሌ ልብ ተንጠልጥሏል።

ወልደኢየሱስ ሁሉንም ነገረው፤ ሞራውን፣ የናስ ሰሌዳውን፣ ሁለቱን ጉርሻዎች። አያ አለነ እጁን የእስር ቤቱ ብረት ላይ አሳርፎ በውስጥ የተቀመጠውን ሰው አየው። ኃይለ ጊዮርጊስ አላወቀውም። ዘበኛው የእስረኛ እራት፣ ሽሮ በእንጀራ፣ ይዞለት ሲገባ ሳህኑን ተቀብሎ አፍንጫው ድረስ አነሣውና አሸተተ።

«ወንድሜ» አለ ለዘበኛው፣ በትሕትና፣ «ይኸ ሽሮ በምን ዘይት ነው የተሠራ? ቅቤ የነካ ድስት አይደለምን?»

ወልደኢየሱስ የሽማግሌውን ቀኝ እጅ እያየ ነበር። እጁ ወደ ቀሚሱ ሄደ፣ እዚያ ቆየ፣ ባዶውን ተመለሰ።

«ይኸን ነው?» አለ አያ አለነ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰነጠቀ። «የአባይነሽን ደም በዚህ ላይ ልመልስ? በምን ዘይት ነው አለ! ልጄን ሲገድላት ግን አልጠየቀም።» መሬቱ ላይ ተፋ። ከዚያ ወደ ደጁ ወጣ። በላቸው ሲያየው ዓይኑን ጨፈነ፤ ታየች ከፊቱ ቆመች።

«ወደ ቤትህ ግባ» አለው አያ አለነ። «ለልጆቼም እነግራቸዋለሁ። ደም የሚፈለገው ከሰው ነው።»

በላቸው ጉልበቱን ሊስም ሲወድቅ ሽማግሌው አነሣውና አለፈ። ምንሽሩን ገና ከዘበኛው አልተቀበለም፤ ወደ ወልደኢየሱስ ዞሮ ሁለት መዳፎቹን፣ ምንም ያልነኩትን፣ ያን ብረት ብቻ የያዙትን መዳፎቹን ዘረጋለት።

«ጌታዬ፣ ውሃ ካለህ እጄን አስታጥበኝ።»

ወልደኢየሱስ ማንንም አላዘዘም። ራሱ ጣሳ አንሥቶ ቀዳና፣ ሽማግሌው በቃ እስኪለው ድረስ ቆሞ አስታጠበው።